የማክሰኞው ሴሚናራችን ገለጻው ሲያልቅ ለምን ይሞታል?

የማክሰኞ ጸሐፊ (መስከረም 22)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ስሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የክፍሉን የማክሰኞ ሴሚናር አስተባብራለሁ። ማስተባበር ስላችሁ ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ ክፍል ማስያዝ፣ ፕሮጀክተር በፊርማ ማውጣት፣ ማስታወቂያ በቴሌግራም መልቀቅና ለሻይ የምትሆን ገንዘብ መለመን ነው። አቅራቢ አላጣንም፤ ታዳሚም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይጠፋም። የሚጠፋው ከገለጻው በኋላ ሊኖር የሚገባው ውይይት ነው።

የሰኔውን የመጨረሻ ሴሚናር ልንገራችሁ። የተመደበልን ጊዜ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። አቅራቢው መምህር ስለ ፈቃድ ነጻነት የጻፉትን፣ በእውነቱ ጥሩ የሆነ ጽሑፍ፣ እንዳለ ስላይድ ላይ ገልብጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ 75 ደቂቃ ፈጀ። አወያዩ «ጊዜ ስላጠረን አጠር አጠር ያሉ ጥያቄዎች» ሲሉ ቀድመው እጃቸውን ያነሡት አንጋፋ መምህር «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብለው ጀመሩና ከዓመታት በፊት ስለ ሠሩት ጥናት 12 ደቂቃ ተናገሩ። አቅራቢው አመሰገኑ፤ ተጨበጨበ፤ ተበተንን። ከኋላ የተቀመጠች የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ደብተሯ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፋ ሁለት ጊዜ ስታሰምርበት አይቼ ነበር። ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ጥያቄዋ ምን እንደ ነበር ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁን እጠይቃለሁ። ጽሑፉ አስቀድሞ ቢታደል ይሻላል ወይስ እንደ ልማዳችን በዕለቱ ቢቀርብ? የጥያቄውን ጊዜ የሚመራው ሰውስ ምን ያህል ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል? ከሁሉም ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ መወያየታችን ነው፤ ሻይ ላይ በአማርኛ እየተከራከረ የሚያሸንፈኝ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

ከለንደን (መስከረም 22)

ውድ የማክሰኞ ጸሐፊ፣ ማስተርሴን የሠራሁት ለንደን ስለሆነ ያየሁትን ልናገር። እዚያ ገለጻና ዐውደ ጥናት በስም ብቻ ሳይሆን በአካሄድም ይለያያሉ። ገለጻ ሲሆን አቅራቢው 45 ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ለጥያቄ የሚተወው ጊዜ ከዚያ አያንስም፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ዐውደ ጥናት ሲሆን ግን ረቂቁ አስቀድሞ ይላካል፤ በዕለቱ አቅራቢው ዋና ሐሳቡን በጥቂቱ ካስታወሰ በኋላ ቀሪው ጊዜ የታዳሚው ነው። በፈረንጆቹ 1880 የተመሠረተው የለንደኑ የፍልስፍና ማኅበር አሪስቶትሊያን ሶሳይቲ በየበጋው ከሌላው የፍልስፍና ማኅበር፣ ከማይንድ ማኅበር፣ ጋር በሚያደርገው የጋራ ጉባኤ ላይ የሚቀርቡት የሲምፖዚየም ጽሑፎች ከጉባኤው በፊት በመጽሐፍ ይታተማሉ። ሰው የሚሰበሰበው ለመስማት ሳይሆን ያነበበውን ለመሞገት ነው።

አወያዩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ስም በተራ ይመዘግባል። እጁን ሙሉ ያነሣ ሰው አዲስ ጥያቄ አለው፤ አንድ ጣቱን ብቻ ያነሣ ደግሞ አሁን በተያዘው ነጥብ ላይ የሚጨምረው አለው ማለት ነው። በጣት ስም አዲስ ወሬ የሚያመጣ አይጠፋም፤ እርሱን የሚያስቆመው አወያዩ ነው። የብሪታንያ የፍልስፍና ማኅበርና የሴቶች ፍልስፍና ማኅበር በጋራ ካወጡት የመልካም አሠራር መመሪያ ያገኘሁት ሌላ ነገር አለ፤ ከገለጻው በኋላ ወዲያው ወደ ጥያቄ አለመግባት፣ ጥቂት ደቂቃ ዕረፍት መስጠት። ጥያቄውን ለማርገዝ ጊዜ የሚፈልግ ሰው በዚያች ዕረፍት ያምጠዋል።

ነገር ግን ጠቡን አብራችሁ እንዳትቀዱ። የሞራል ሳይንስ ክበብ በሚባለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ክበብ ጥቅምት 25 ቀን 1946 (በእነርሱ አቆጣጠር) ካርል ፖፐር የፍልስፍና ችግሮች የሚባሉ ነገሮች አሉ ወይ ብሎ ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ ቪትገንሽታይን የእሳት መቆስቆሻ ብረት ይዞ ሲከራከር ቆይቶ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ፈላስፎቹ ራሳቸው በዓይናቸው ባዩት ነገር እንኳ አልተስማሙም። ወሬው ሲያስቅ ይኖራል፤ በዚያ ክፍል ዝም ብሎ የተቀመጠው ተማሪ ግን ምን ተምሮ እንደ ወጣ ማንም አይነግረንም።

የቅኔ ቤት ልጅ (መስከረም 23)

የከለንደኑ ወንድማችን ያመጡት ሁሉ ጠቃሚ ነው። ቢሆንም ረቂቅን በሰው ፊት ማቅረብና መታረም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥበብ አድርገን ስናወራ ይደንቀኛል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት አራት ዓመት ቆይቼ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ደቀ መዝሙሩ ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። ባልንጀሮቹ ከጎኑ ሆነው ይሰማሉ። ሰዋስው ከተሳሳተ፣ ቤት ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገጣጠመ እዚያው ይታረማል። ዘረፋው፣ ማለትም መምህሩ ራሳቸው ቅኔ ማፍሰሳቸው፣ ለብቻው ጊዜ አለው፤ የተማሪውን ተራ አይሻማም።

አንድ ማታ ቃል ያሳመርኩ መስሎኝ ጉባኤ ቃና፣ አጭሩን የቅኔ ዓይነት፣ ይዤ ቀረብኩ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ሰሙስ አለ፤ ወርቁን ማን ሰረቀው?» አሉ። ባልንጀሮቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ሁሉ ግን ወርቁን ስፈልግ አደርኩ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ገለጻ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በአንዲት ዐረፍተ ነገር የተመታ አቅራቢ ግን አላየሁም።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ጀማሪው ከምን እንደሚጀምር ነው። ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ይዞ አይመጣም፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ይዞ ይመጣል። እኛ ግን ገና የማስተርስ ተማሪ የሆነውን ልጅ 40 ስላይድ አሸክመን መድረክ ላይ እናቆመዋለን። ለምን አንድ ገጽ፣ አንድ ክርክር፣ 10 ደቂቃ አይሰጠውም? ሁለቱን መነሻ ሐሳቦችና መደምደሚያውን ቢያስቀምጥ ጉድለቱ ለሁሉም ይታያል፤ በ40 ስላይድ ውስጥ ግን ወርቁ ቢሰረቅም ማን ያውቃል?

አዛውንት መምህር (መስከረም 23)

የማክሰኞ ጸሐፊ ሆይ፣ 12 ደቂቃ የተናገረው ሰው እኔ ባልሆንም እኔን የመሰለ ሰው ነውና ስለ እርሱ ትንሽ ልከራከር።

ጽሑፍ አስቀድሞ የማደሉን ነገር ከ15 ዓመት በፊት ሞክረነዋል። ሃያ ቅጂ አባዝተን ሰጠን። በዕለቱ ያነበቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ያላነበቡት ግን ከሦስቱ በላይ ተናገሩ። መምህሩ በሳምንት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ በዝቶበት፣ የፈተና ወረቀት ተከምሮበት፣ የሰው ረቂቅ የሚያነብበት ልብ የለውም። ገለጻ ቢያንስ ያላነበበውንም ሰው እኩል ያስጀምራል። ይህን ጥቅሙን አትናቁት።

አንጋፋው ለምን እንደሚያስረዝም ደግሞ እኔ እነግራችኋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራው ጥናት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል፤ የጠቀሰለት የለም፤ ያነበበለትም የለም። ጆሮ የሚያገኘው በዚያች የማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ነው። ልማዱን ደግፌ አይደለም፤ በሽታው ከየት እንደሚነሣ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ የተባለውን ጻፉት። ከኅዳር 22 እስከ 24 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1 እስከ 3 ቀን 1976 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ፍልስፍና ሴሚናር ተደርጎ ነበር። ደርግና ኢሕአፓ በከተማው ደም መፋሰስ የጀመሩበት ወቅት ነው። እንዲያም ሆኖ ጽሑፎቹ በክሎድ ሳምነር አሰናጅነት በፈረንጆቹ 1980 ታትመው ስለወጡ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳሉ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሳምነር በዚያው አቆጣጠር በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ያሉትን አምስት ቅጽ ከ1974 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ያወጡ ሰው ናቸው። ያ ሴሚናር የፈጀው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። የእኛ ማክሰኞዎች ተደምረው ስንት ሦስት ቀን እንደሚሆኑ አስቡት፤ ከእነርሱ የተረፈ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ግን አላየሁም።

ከኋላ ወንበር (መስከረም 24)

የተከበሩ አዛውንት መምህር፣ ስለ አንጋፋው ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ሆኖም የ12 ደቂቃው ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መታየት አለበት። እኔ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ሙሉ ሴሚናር ስከታተል አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም። አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ተራው ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ይጀምራል፣ ከፕሮፌሰር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ሌክቸረር ይወርዳል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። ሳይደርሰኝ የቀረ ጥያቄ ደግሞ በሳምንቱ ሞኝ ጥያቄ ይመስለኛል።

በኋላ አንድ አወያይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ለተማሪ ብቻ አደረጉ። የመጀመሪያ ቀን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ያስፈራ ነበር፤ አወያዩ ግን አልሞሉትም፣ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። ከዚያ አንድ ልጅ ጠየቀ፤ ቀጥሎ እኔ። የማክሰኞ ጸሐፊ አንድ ነገር ብቻ እንዲወስድ ብጠየቅ ይህን እሰጠዋለሁ፦ ጸጥታውን የሚችል አወያይ ይፈልግ።

ጥያቄ ያለ ስም በብጣሽ ወረቀት የመሰብሰቡን ዘዴም አይቻለሁ፤ አልወደድኩትም። አቅራቢው «ጥያቄው ግልጽ አይደለም» ካለ መልሶ የሚያብራራለት ባለቤት የለውም፤ ጥያቄው ወላጅ እንደሌለው ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ይቀራል። አወያዩም የማይመቸውን ብጣሽ ከታች ሊሸሽገው ይችላል።

ሻይ አፍቃሪ (መስከረም 24)

ሻዩን ከስብሰባው መጨረሻ ወደ መሐል አምጡት። የከለንደኑ ሰው ያሉት ዕረፍት በሌላ በጀት አይገኝም፤ ደግሞም ሻይ ገና ካልመጣ ማንም አይወጣም።

ምክንያት ፈላጊ (መስከረም 25)

ቋንቋውን ማንም አላነሣውም፤ እኔ ላንሣው። በአማርኛ መወያየት ለተማሪው ስለሚቀለው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ አንዳንድ ጊዜ ስለሚከብድም ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን በፈረንጆቹ 1963 ባወጣው የታወቀ ጽሑፍ አንድን ሰው ለድርጊት ያበቃው ምክንያት የድርጊቱ መንሥኤም ነው ብሎ ተከራክሯል። ይህን በአማርኛ ለጓደኞቼ ላስረዳ ስነሣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ተያዝኩ። እኛ «ማሰሮው የወደቀበት ምክንያት» እንላለን፤ «ልጁ ከቤት የወጣበት ምክንያት»ም እንላለን። ለማሰሮውም ለልጁም ያለን ቃል አንድ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ታዲያ ሰውዬው ምኑን ነው ያስረዳው? ምክንያት ምክንያት ነው አለ እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። «መንሥኤ» የሚለውን ሳመጣ ደግሞ ሌላው «የበሽታ መንሥኤ እንላለን እንጂ ማሰሮ ላይ ማን ያውለዋል?» አለ። ከዚያ የተነሣው ክርክር ሁለት ሰዓት ፈጀ፦ ቋንቋችን ሁለቱን ያልለየው ዴቪድሰን ልክ ስለሆነ ነው ወይስ ልዩነቱን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ «ብሎ» በሚለው ቃል፣ ስለሚይዘው ነው? ልጁ «ሥራ ላግኝ ብሎ» ወጣ ይባላል፤ ማሰሮ ግን ምንም ብሎ አይወድቅም። በእንግሊዝኛ ብንወያይ ኖሮ ይህ ጥያቄ አይወለድም ነበር፤ ሁለቱን ቃላት (reason እና cause) እንደ ተለያዩ ተቀብለን ወደ ሁለተኛው ገጽ እናልፍ ነበር።

ስለዚህ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ይሁን፣ ምንጩ ያ ነውና፤ ጥያቄው ግን ጠያቂው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን።

የግእዝ አንባቢ (መስከረም 26)

በምክንያት ፈላጊ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ከዚያም አልፌ አንዳንዱን ማክሰኞ ለግእዝ እንድትሰጡ እለምናለሁ። ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የፈላስፋውን የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ርእስ ያደረገ ገለጻ በሰማሁ ቁጥር የጥያቄው ጊዜ በአንድ ጉዳይ ብቻ ይዋጣል፤ ጸሐፊው በእርግጥ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን ቅጂውን ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ? ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤንኖ ሊትማን በፈረንጆቹ 1904 የግእዙን ጽሑፍ ካሳተመ በኋላ ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጥርጣሬውን አነሣ፤ ሳምነር ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟገቱ፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ክርክሩ እንደ አዲስ ቀጥሏል። ቅጂዎቹ ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ ቁጥር 215 እና 234 ሆነው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ አንዲት አቅራቢ ሐተታው ስለ ልቡና (አእምሮ) የሚያነሣውን ክርክር ልትፈትሽ መጥታ ሳለ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ «የእኛ ነው»፣ «አይደለም» ሲባባል የእርሷን ሥራ የጠየቀላት አልነበረም። እኔ አወያይ ብሆን በመክፈቻው «የደራሲው ማንነት ራሱን የቻለ ማክሰኞ አለው፤ ዛሬ ክርክሩን ብቻ እንመረምራለን» ብዬ በሩን እዘጋለሁ።

ዘርዐ ያዕቆብ «ማን ፈጠረኝ?» ብሎ ይጠይቃል። በገዛ እጄ ራሴን ፈጠርኩ እንዳይል ከመፈጠሩ በፊት አልነበረም። አባትና እናቴ ፈጠሩኝ ቢል የእነርሱም ወላጆች ፈጣሪ ይፈለጋል፤ እንዲህ እየተባለ ያልተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ዘንድ ይደረሳል። እዚህ ላይ ነው አንድ ዐውደ ጥናት ሙሉ ከሰዓቱን ሊውል የሚገባው። ሰንሰለቱ የግድ መቆም አለበት ያለው ማን ነው? ቢቆምስ አንድ ፈጣሪ ላይ ነው የሚቆመው ወይስ ብዙ? ሁለት ገጽ ግእዝ፣ ከጎኑ አማርኛው፣ ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግም። የማንም እጅ ይጻፈው፣ ክርክሩ ወይ ይቆማል ወይ ይወድቃል።

አዛውንት መምህር (መስከረም 26)

የግእዝ አንባቢ፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ አልስማማም። ጸሐፊው በሱስንዮስ ዘመን ዋሻ ውስጥ ተደብቆ «እያንዳንዱ የእኔ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል፤ ማን ይፈርዳል?» የሚል ሰው ከሆነ የምናነበው የአደጋ ቃል ነው፤ ሚሲዮናዊ ከሆነ የሌላ ሰው ድምፅ ማስመሰል ነው። ክርክሩ ቢቀር እንኳ ትርጉሙ ይለወጣል። ለዚህ ግን የእርስዎን የተለየ ማክሰኞ እጠብቃለሁ።

የማክሰኞ ጸሐፊ (ጥቅምት 20)

ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ትናንት የዓመቱ የመጀመሪያ ሴሚናር ተካሂዷልና የሆነውን ላቅርብ።

በቅኔ ቤት ልጅ ምክር አንድ የማስተርስ ተማሪ አንድ ገጽ ብቻ ጻፈ። ጥያቄው «ይቅርታ ያልጠየቀንን ሰው ይቅር ልንለው እንችላለን ወይ?» የሚል ሲሆን፣ መልሱም አንችልም፣ ያለ ጸጸት የሚደረግ ይቅርታ በደሉን መርሳት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም የሚል ነበር። ገጹን ከአምስት ቀን በፊት በቴሌግራም ለቀቅሁት፤ አንድ ገጽ ስለሆነም ከመጡት 17 ሰዎች ዐሥራ አንዱ አንብበውታል። እርሱ ገና ማስረዳት ሲጀምር መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተር ስላልነበረን የጎደለብን የለም፤ መጋረጃውን ገለጥን፣ ቀጠልን።

ሻዩ መሐል ላይ መጣ። ከሻይ በኋላ አወያይዋ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የተማሪ ናቸው» ብለው ዝም አሉ። ጸጥታው ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆየ፤ ከኋላ ወንበር ባታስጠነቅቀኝ ኖሮ እኔው እሰብረው ነበር። ሁለት ተማሪዎች ጠየቁ፤ የመጀመሪያው በአማርኛ፣ ሁለተኛዋ በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች። ቀጥሎ እኒያው አንጋፋ መምህር እጃቸውን አነሡና «ጥያቄ ሳይሆን…» ሲሉ አወያይዋ በትሕትና «እንግዲያውስ ጥያቄ እስኪሆን ልጠብቅዎ» አሏቸው። ጥቂት ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፤ ሲቀየሙ ታየኝ፣ እኔም ደነገጥኩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ጣታቸውን ብቻ አነሡና «የሞተ ሰው ይቅር ይባላል ወይስ አይባልም?» ብለው ተቀመጡ።

ልጁ ወረቀቱን አየ። ሟች ይቅርታ ሊጠይቅ አይችልምና ይቅር እንለዋለን ካለ መደምደሚያው ይፈርሳል፤ ይቅር አንለውም ካለ ደግሞ በየለቅሶው የምንለውን ሁሉ ባዶ ቃል ማድረግ ሊሆንበት ነው። «ለሚቀጥለው ማክሰኞ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አለ። የቀረው ሰዓት ሁሉ በዚያች አንዲት ጥያቄ አለቀ።

ቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ በየትኛው ቋንቋ ተጽፎ ይቀመጥ የሚለው ግን ስላልተስማማን ለጊዜው ሁለቱም ተቀላቅለውበት አለ። አወያይዋ በሚቀጥለው ጊዜ እርሳቸው እንደማይመሩ ነግረውኛል፤ ከአንጋፋው ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚሠሩት። ከእርሳቸው ዕድሜ የሚቀርብ፣ የማይፈራም ሰው እየፈለግሁ ነው። ደብተሯ ላይ ያሰመረችው ልጅ አልመጣችም፤ ተመርቃ ሄዳለች አሉኝ።

የግእዝ አንባቢ፣ ኅዳር ሲገባ ሁለተኛውን ማክሰኞ ለሁለቱ ገጾች ይዤልዎታለሁ። የሚያነቡት ክፍል የትኛው እንደሆነ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከነገሩኝ ፎቶ ኮፒው በእኔ ነው።